የእኔ ሞትና ያልደረቀው ቀለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። የምነግርህን እስከ መጨረሻው ትሰማለህ። መሐል ላይ ተነሥተህ አትሄድም፤ ስልክህ ቢጮኽ ዝም ታሰኘዋለህ። ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሰው ታሪኬን ከመሐሉ ጥሎ ስለ ሄደ፣ እኔ ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ሞቼ እኖራለሁ።

ሰውየው መምህር ጀማል ይባላል። ባልንጀራዬ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ከዚራ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ እርሱ ጫቱን እኔ ሻዬን ይዘን፣ ባሕረኛ ሳለሁ ምጽዋ ላይ የገጠመኝን አወጋው ነበር። ጭስ መርከቧን ሸፍኖ እኔ ብቻዬን ወለሏ ላይ ቆሜ የቀረሁበት ጋ ስደርስ፣ ባለቤቱ ደወለች። ውኃ መጥቷልና በርሜሎቹን ና ሙላ አለችው። የድሬ ሰው ውኃ መጣ ሲባል ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ በረረ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ፣ ግጥም ይዞ መጣ። አነበበልኝ። ሞቻለሁ።

ማረም ይቻል ነበር ትለኝ ይሆናል። ማን ሰምቶኝ! ግጥሙ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ይነበባል። ሕፃን ሽማግሌው በቃሉ ይዞታል። ዋናዋ ስንኝ አንድ ባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጥፋለች፤ በገዛ ሞቴ ተሳፍሬ ገበያ ደርሼ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ሲነበብ በሰማች ቁጥር ታለቅሳለች። እኔ እኮ አጠገቧ ተቀምጫለሁ! መሐረቡን የማቀብላት ማን ሆነና?

እንግዲህ እውነተኛውን የባሕር ታሪክ ስማ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በባሕር ኃይል ባሕረኛነት ስቀጠር፣ የማውቀው ወንዝ ደቻቱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። መርከብ ላይ ስወጣ የሚጠብቀኝ መድፍ መስሎኝ ነበር። የጠበቀኝ ብሩሽ ነው። ጨው ብረቱን ይበላል፤ ባሕረኛ ዝገቱን ይፍቃል፣ ይቀባል። ቀብተህ የመርከቧ ኋላ ስትደርስ የፊቷ ዝጎ ይጠብቅሃል።

የዚያን ዕለት መርከባችን ወደብ ላይ ታስራ ቆማለች። አለቃችን የፊተኛውን ወለል እንድቀባ አዘዙኝና፣ «ቀለሙ ሳይደርቅ ማንም እንዳይረግጠው!» ብለው ወረዱ። እዚህ ላይ ስሕተቴን አልደብቅህም። ድሬ ግቢ ውኃ ሲረጭ ከበር ተጀምሮ ወደ ውስጥ ነው፤ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነዋ! እናቴ ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። እኔም ከመውረጃው መሰላል ጀመርኩና በሥርዓት፣ በጥንቃቄ፣ ወደ መርከቧ ፊተኛ ጫፍ እያፈገፈግኩ ቀባሁ። ቀና ስል ከኋላዬ ባሕር ነው። ከፊቴ እንደ መስታወት የሚያበራ እርጥብ ቀለም። ከእግሬ ሥር ሁለት ጫማ የምታስቆም ደረቅ ቦታ።

ይህን ጊዜ ከወጥ ቤት ጭስ ተነሣ። ወጥ ሠሪው ዘይቱን እሳት ላይ ጥዶ ወሬ ይዞ ኖሯል። ደወል ተደወለ፤ ከወጥ ሠሪው በቀር ሁሉም በመርከቧ ኋላ በኩል እየተንደረደረ ወደ ወደቡ ወረደ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ።

«ውረድ!» አሉኝ አለቃዬ ከታች።

«ቀለሙ አልደረቀም፣ ጌታዬ!»

«ውረድ ብያለሁ፣ አንተ!»

«ማንም እንዳይረግጠው ብለዋል፤ እኔም ማንም ውስጥ ነኝ፣ ጌታዬ!»

ጭሱ ዋጠኝ። ጀማል ተነሥቶ የሄደው እዚህ ላይ ነው። አንተ ተቀመጥ።

ከዚያማ ወጥ ሠሪው እርጥብ ጆንያ ድስቱ ላይ ጣለበትና እሳቱ ጠፋ። በቃ። የምጽዋ ፀሐይ ቀለሙን ከምሳ በፊት አደረቀው። ወረድኩ፤ ያረረ ምስር በላሁ። አለቃዬ ተንበርክከው ወለሉን ከዳር እስከ ዳር መረመሩ። አንዲት ምልክት አላገኙም። ለጓደኞቼ፣ «ቀለም እንዲህ ነው የሚጠበቀው!» አሏቸው። እኔን ደግሞ ከመሰላሉ በመጀመሬ አንድ ሳምንት ሽንኩርት አስላጡኝ። በባሕረኛነቴ ያለቀስኩት ያን ሳምንት ብቻ ነው። የቆምኩባትን ቦታም በማግስቱ ራሴ ቀባኋት።

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንት ልውሰድህ። ትምህርት ቤቱ ዋናዋን ስንኝ በሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሊያጽፍ ነው ተባለ። ሞቴ በዘይት ቀለም ሊጻፍ! ክራቫቴን አሰርኩና አስካለን አስከትዬ ሄድኩ። ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ነው፤ ጀማል ከሥር ቆሞ ያነብለታል፦

ከእሳቱ መካከል እንደ ብረት ጸንቶ፣
ዱካው ከወለሉ ቀረ እሱ ሞቶ።

«ጀማል፣ እኔ በሕይወት አለሁ» አልኩት።

«አቦ፣ እኔ አውቃለሁ! ግጥሙ ነው የማያውቀው።»

«አስተካክለው።»

«በምን? ‹ጸንቶ› ካልኩ ‹ሞቶ› ነው የሚገጥመው።»

«‹በልቶ›ም ይገጥማል። ምሳውን በልቶ። ታሪኩ እንደዚያ ነው።»

ቀቢው ሲስቅ መሰላሉ ተወዛወዘ። ጀማል ራሱን ይዞ፣ «ወላሂ፣ ይህን ከምጽፍ እኔው ልሙት!» አለ።

አስካለ ጣልቃ ገባች። «አንተ ሰውዬ፣ አንዴ ሞተህ አምሮብሃል፤ ምን አለ ብትተወው? ዓመት ጠብቄ የማለቅስባትን አንዲት ነገር ልታሳጣኝ ነው?»

ምን ትላለህ? አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት። ለእርሷ ስል ሞትኩ። «ይሁን፤ ጻፈው» አልኩ። ቀቢው የመጀመሪያውን መስመር ጨርሶ ሁለተኛውን ሊጀምር ብሩሹን ሲነክር ነው ነገሩ የገባኝ።

«ቁም! የምን ዱካ?»

«የጀግናው ዱካ ነዋ!» አለ ጀማል።

«አለቃዬ ተንበርክከው ያላገኙትን ዱካ፣ አንተ በርሜል ስትሞላ አገኘኸው?»

«የቆምክባት ቦታ ሳትቀባ ቀርታ የለም እንዴ?»

«ያልተቀባ ያልተቀባ ነው፤ የተረገጠ የተረገጠ ነው!»

«አቦ፣ ሞትህን ውጠህ በዱካ ትታነቃለህ?»

«ጋሼ፣» አለ ቀቢው ከላይ፣ «ቀለሙ እየደረቀብኝ ነው!»

«ይድረቅ» አልኩት። «እኔም እንዲሁ ነው የጠበቅኩት።»

ግድግዳው ላይ እስከ ዛሬ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ሂድና እይ። እሳቱን ተቀብያለሁ፤ ሞቴንም ተቀብያለሁ። ያልደረቀ ቀለም ረገጠ መባልን ግን አልተቀበልኩም።