ቁርስ የበላ ሽማግሌና የራይን ግንቦች

ሽበት ያስከብራል የሚሉ ሰዎችን ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ አብዛኞቹ ጸጉራቸው ጥቁር ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ሙሉ በሙሉ ሸብቼ ያየሁትን አበሳ የማውቀው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ብሆን ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም ነበር፤ እዚያ እውነተኛ ሽማግሌ ሞልቷል። በዘጠናዎቹ ዓመታት ሚኒያፖሊስ የተሰባሰብነው ግን ጎረምሳና ጎልማሳ ብቻ ነበርን። ሆስፒታል የሚሠራ አለ፣ ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ሱቅ የከፈተ አለ፣ ሽማግሌ የለም። ስለዚህ ባልና ሚስት ሲጣሉ ወይም ልጅ ሲታጭ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ጸጉር ላይ ነበር። ጸጉሬን አይተው ሾሙኝ። ከጸጉሩ ሥር ስላለው ጭንቅላት የጠየቀ የለም።

ያሁኑ ጉዳይ የዳዊት ነው። ዳዊት ሮቢንስዴል ያለ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በጋሪ ከክፍል ክፍል የሚያመላልስ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ጀርመን አገር ለዘመድ ሠርግ ሄዶ ሂሩት የምትባል ነርስ አየና ተመለሰ፤ ተመለሰ ስላችሁ ሥጋው ነው የተመለሰው። ዓመት ሙሉ በስልክ ሲነጋገሩ ከርመው ተስማሙ። ቀሪው አባቷ ብቻ ናቸው። «አባዬ ካልፈቀደ አልመጣም፣ ሽማግሌ ካልተላከበት ደግሞ አይፈቅድም» አለች። ሦስት ሰው ተመረጥን። አንደኛው ወረቀቱ ገና ስላላለቀ ከአሜሪካ መውጣት አይችልም። ሁለተኛው ሀጂ እንድሪስ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ብሩክሊን ፓርክ ሱቅ ያላቸው፣ ከሦስታችን በእውነት ለሽማግሌነት የሚቀርቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሱቁን ለማን ጥዬ ልሂድ አሉ። ቀረሁ እኔ፣ ከነጸጉሬ።

ሀጂ እንድሪስ ኤርፖርት ድረስ ድራይቭ አድርገው ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉ ሲመክሩኝ ነበር።

«ስማኝ። ግባ ሲሉህ ግባ። ተቀመጥ ሲሉህ ግን ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም በል። ምግብ ቢያቀርቡልህ እንዳትነካ። እህል ከቀመስክ እንግዳ ሆንክ ማለት ነው፤ እንግዳ ደግሞ የሰው ልጅ አይጠይቅም።»

እሺ አልኳቸው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ አለ እንዴ ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው።

ባቡር ስቀያይር አድሬ ጠዋት ላይ ደረስኩ። ከተማዋ ራይን ወንዝ ዳር በኮረብታ መሀል የተወሸቀች ትንሽ ከተማ ናት። በሩን የከፈቱልኝ አባትየው ናቸው፤ ጋሼ ተሰማ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት የሆናቸው ሰው። ሂሩት ሥራ ላይ ነበረች። «ግባ፣ ደክሞሃል፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ወዲያው ትኩስ ዳቦ መጣ፣ ዓይብ መጣ፣ በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል መጣ። አውሮፕላኑ ላይ ንግግሬን ስለማመድ ምግብ አልወርድ ብሎኝ ስለነበር አንጀቴ ታጥፏል። ሦስተኛውን ዳቦ ስቆርስ ሀጂ እንድሪስ ድንገት ትዝ አሉኝ።

ይህን ስሕተት ለፈረንጅ ብትነግሩት አይገባውም። ሰውዬው ራበው፣ በላ፣ ምን አጠፋ ይላችኋል። እናንተ ግን አሁን ስታነቡ ክው እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔማ ጉንጬ እንደሞላ ብድግ አልኩ።

«ጋሼ፣ የመጣሁበት ጉዳይ...»

እጃቸውን አነሱ። «ብላ እንጂ። አንተ እንግዳዬ ነህ። እንግዳ ይጎበኛል፣ ጉዳይ የለውም» አሉና ከበር ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ለምን እንደመጣሁ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

በድንጋጤ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በመስኮት አሻግሬ አየሁ፤ ኮረብታው አናት ላይ ማማ ያለው አሮጌ ግንብ ተቀምጧል። «ምን ያለ ግሩም ግንብ ነው» አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ይሉኝታ ግን አንዴ ከጀመረ አያቆምምና «እኔ መቼም ግንብ ነፍሴ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። ጋሼ ተሰማ ኮታቸውን አነሱ።

የኔ ሥራ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መቁረጥ ነው። ስምንት ሰዓት ተቀምጬ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ቤቴ ሄጄ እቀመጣለሁ። አገሩ ሜዳ ነው። ከደረጃ ጋር የምንገናኘው ሞል ውስጥ ነው፤ እሱም ራሱ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ዳገቱን እየሳብኩ ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ ጨረስኩ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ለካ ማማው ገና ነው። ሁለት ሰው የማያሳልፍ ጨለማ ደረጃ፣ እንደ ጥምጥም የሚዞር። ሰውዬው ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ከላይ ሆነው «መጣህ ወይ?» ይሉኛል።

በማግሥቱ ሌላ ግንብ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ። የዚያ አገር መሳፍንት ምን እንዳሳበዳቸው አላውቅም፣ ኮረብታ ባዩ ቁጥር ግንብ ጉብ አድርገውበታል። አንዱ ይሠራል፣ የወንዙ ማዶው መጥቶ ያቃጥላል፣ ልጁ መልሶ ይሠራል። አስጎብኚው እጁን እያወናጨፈ ሩብ ሰዓት ያህል በጀርመንኛ ይናገራል፤ ጋሼ ተሰማ ወደ እኔ ዞር ብለው «ተቃጠለ ነው የሚለው» ብለው ያጠቃልሉታል። እኔም እንደገባው ሰው ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። አንድ ጊዜማ የጎንደርን ግንብ አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። በፖስት ካርድ ነው የማውቀው ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። በጣም አዘኑልኝና በዚያው ከሰዓት አንድ ተጨማሪ ማማ አወጡኝ።

አፌን በከፈትኩ ቁጥር ወይ ምግብ ይቀርባል ወይ ደረጃ ይጀመራል። አራተኛው ቀን ማታ ሂሩት ከሥራ ገብታ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ አገኘችኝ።

«አባዬ እንቢ አይልም። እሺም አይልም። ያዞርዎታል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከእርስዎ በፊት ለሌላ ሰው ከሽቱትጋርት የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አራተኛው ግንብ ላይ ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። እርስዎ ስንተኛው ላይ ነዎት?»

«ሰባተኛው።»

«በርቱ» አለችኝ። ስትስቅ ቆየችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ዳዊትን እወደዋለሁ። አባዬን አስከፍቼ ግን አልሄድም።»

ሚኒያፖሊስ ደወልኩ። ዳዊት ሀጂ እንድሪስ ሱቅ ውስጥ ስልኩ አጠገብ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ ያነሱት ሀጂ ናቸው።

«በላህ?» አሉኝ፣ ሰላምታ ሳይቀድም።

ስለ ግንቦቹ ማውራት ጀመርኩ።

«ምን በላህ?»

«እንቁላል።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

«በል መድኃኒቱን ልንገርህ። እህሉን አውጣው። አንድ ቀን ከንጋት ጀምሮ ውሃም ሳትቀምስ፣ በእግርህ ቆመህ ተናገር። ያኔ እንግድነትህ ይሻርልሃል» አሉኝ። ይህ የት መጽሐፍ ላይ እንዳለ አልጠየቅኩም። ከኋላ ዳዊት «ምን አለ? ምን አለ?» ሲል ይሰማኝ ነበር።

በማግሥቱ ቁርሱ ሲቀርብ አልበላም አልኩ። ጋሼ ተሰማ አተኩረው አዩኝ፤ ገባቸው። ምንም ሳይሉ ከሁሉም ረጅሙ ማማ ወዳለበት ግንብ ወሰዱኝ። ደረጃውን ስወጣ ዓይኔ ብዥ ይላል፣ ሆዴ ይጮኻል። ላይ ስደርስ የድንጋዩን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ፣ «ጋሼ፣ አልበላሁም። ቆሜያለሁ። ልጅዎን ሂሩትን ለልጃችን ለዳዊት ብለን መጥተናል» አልኩ። ብዙ ቁጥር የተጠቀምኩት ለቀሩት ሁለቱ ጭምር ነው።

አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ።

«እናቷ ስትሞት ሂሩት ሰባት ዓመቷ ነበር» አሉ። «እሑድ እሑድ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተን። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እሷን አይቼ አለቅሳለሁ። ዝም ብለን መውጣት ጀመርን። እዚህ ያለውን ሁሉ እጇን ይዤ ነው ያወጣኋት። ግንብ የምወድ መስሎህ ነው?»

«አይወዱም?»

«ማን ይወዳል? ድንጋይ ነው። እኔ የጨነቀኝ እሷ ስትሄድ እሑድን ምን እንደማደርገው ነው።»

የመጣሁት የልጅ መልስ ለመቀበል እንጂ የእሑድን ጥያቄ ለመመለስ አልነበረም። አንጀቴን በሉት። ረሃቡም ሳይረዳቸው አልቀረም። በመጨረሻ «የምትሄድበትን አገር ሳላይ መልስ አልሰጥም» አሉ። «እኔ የኛን አሳይቼሃለሁ። አንተም የናንተን ግንብ ታሳየኛለህ።»

«ችግር የለም፣ ሞልቷል» አልኩ። እንዴት ብዬ የለም እላለሁ? ስምንት ግንብ ያስወጡኝን ሰው።

እሳቸውና ሂሩት በሚያዝያ መጡ። ከዚያ በፊት ክረምቱን ሙሉ እኔና ዳዊት ግንብ ስንፈልግ ከረምን። አንዱን ባንክ፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያን፣ ሜፕልዉድ ያለ የመኪና መሸጫ ሳይቀር ዞረን አየን። መላውን ያመጣችው የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮረብታ ላይ የቆመ፣ ባለ ሾጣጣ ጣሪያ የድሮ የውሃ ማማ እንዳለ፣ ከትምህርት ቤት ወስደው እንዳሳዩአቸው በእንግሊዝኛዋ ነገረችን። ሄደን አየነው። የድንጋይ ማማ፣ መስኮቶች፣ ሾጣጣ ጣሪያ። ዳዊት አቅፎ ሳመኝ።

ጋሼ ተሰማን ሙሉ ልብስ ለብሼ ወሰድኳቸው። በሩ ተቆልፏል። አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ ማማው ለሕዝብ የሚከፈተው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው ይላል። ቀኑ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ ተሰማ ግን ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበቡና ፊታቸው በራ።

«እጠብቃለሁ» አሉ።

«መልሱስ ጋሼ?»

«መልሱ እላይ ነው ያለው።»

ሂሩት ፈቃዷ አልቆ ወደ ጀርመን ተመለሰች፤ እሳቸው እኔ ቤት ቀሩ። ባለቤቴ ያን ወር ያለችኝን እዚህ አልጽፍም። እሑድ እሑድ ዳዊት ሺፍቱን ከሰው ጋር እየቀየረ ይመጣና ሐይቅ ዳር ይዟቸው ይሄዳል። ስለ ሂሩት አንድ ቃል አያነሳም፣ ያፍራል። ዝም ብለው ሐይቁን ዞረው ይመለሳሉ። ምን አወራችሁ ስላቸው «ምንም» ይሉኛል ሁለቱም። ጋሼ ተሰማ ከእሑድ በፊት ቅዳሜ ማታ ጫማቸውን መጥረግ እንደጀመሩ ያየችው ባለቤቴ ናት።

ቀኑ ደረሰ። ሰፈርተኛው ልጆቹን ይዞ ተሰልፏል። ዳዊት ከታች ቆመ፤ ሙሽራ ለራሱ አይለምንም ብሎ አልወጣም አለ። እኔና ጋሼ ተሰማ ወጣን። ላይ ሲደርሱ ዙሪያውን አዩ፤ ፎቆቹን፣ ወንዙን፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሰማይ ዳርቻ የተዘረጋውን ሜዳ።

«አገሩ ሌላ ግንብ የለውም» አሉ።

«የለውም ጋሼ። ዋሽቼዎታለሁ።»

«አውቄያለሁ» አሉና ቁልቁል አዩ። ዳዊት አንገቱን ቀና አድርጎ እጁን በግንባሩ ጋርዶ ይጠብቃል። «በል ሰጥቻችኋለሁ» አሉ።

ከደስታዬ የተነሳ አጠገቤ የነበረችውን አሜሪካዊት አሮጊት አቅፌያት ነበር። ወርደን ዳዊትን ጉልበታቸውን አስሳምኩት፤ ለሀጂ ደወልኩ፤ ሀጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ እህሉ ነገር ይቅር ሊሉኝ እንደሚሞክሩ ቃል ገቡልኝ። በመኪና ስንመለስ እንግዲህ ሽኝት መዘጋጀት አለበት ብዬ «ወደ ጀርመን የሚመለሱት መቼ ይሁን?» አልኳቸው።

«ምን ላደርግ?» አሉኝ፣ ምንም ያልገባው ሰው እንደሚታይ እያዩኝ። «ልጄ እዚህ ልትመጣ ነው። የእሑድ ጓደኛዬም እዚሁ ነው።»

ዳዊት ከኋላ ወንበር ሳል ያዘው። አንዲት ልጅ ልንጠይቅ ተነስተን ሁለት ሰው ሰጡን። ልጁ ሳምንት ሳይሞላው ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ፍለጋ ሜፕልዉድ ወረደ። አማቹ ደግሞ ምንም አላስቸገሩትም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑት፤ ሦስተኛ ፎቅ ይሁን፣ ሊፍት የሌለው።