የጋሼ መቶ ቆጠራ

አንዴ የተቆጠረን ነገር ደግሞ ካልቆጠረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የፋርማሲው ክኒን፣ የፎቁ ደረጃ፣ የእንግዳው ወንበር በእሱ ጣት ካላለፈ ልክ አይደለም። የእኛው ክቡር ቆጣሪ ጋሼ መቶ ይባላሉ፤ ስሙን ያወጣንላቸው እኛ የላቦራቶሪው ደንበኞች ነን።

ሥራቸው ደም ማየት ነበር። በመስታወት ላይ የተቀባውን ደም ቀለም ያስነኩና ማይክሮስኮፕ ሥር ነጭ የደም ሴሎችን በየዓይነታቸው ይለያሉ። አንድ ባዩ ቁጥር ባለ ቁልፏን መቁጠሪያ ቀጭ ያደርጋሉ፤ መቶ ሲሞላ ደወሏ ታቃጭላለች። ማሽን ከገባ በኋላም አልተዉም። "ደም አይዋሽም። የሚዋሽ ሰው ነው፤ የሚቸኩል ደግሞ ማሽን" ይሉ ነበር።

ከሥራ ሲወጡም አያርፉም። አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ካስነጠሰ፣ "ወንድሜ፣ ኢዮሲኖፊልህ ተቆጥሮ ያውቃል?" ይሉታል። ሰውዬው ስድብ መስሎት ዞር ይላል። እሳቸው ይቀጥላሉ፤ "ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ አለርጂ ወይም የሆድ ትል ሲኖር ይበዛሉ። ቀይ ፍሬ ፍሬ አላቸው፤ ስታያቸው ያምራሉ።" ከዚያ ወዲያ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም።

እኔም እሸሻቸው ነበር፣ ባለቤቴ እስክትታመም ድረስ። የካንሰር መድኃኒት ጀመረች። መድኃኒቱ ክፉውንም ደጉንም አብሮ ያጭዳል፤ ከጀርም የሚከላከሉት ኒውትሮፊሎች ካላገገሙ ቀጣዩ ዙር አይሰጥም። በየሦስት ሳምንቱ የላቦራቶሪው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ደወሏን እንጠብቃለን። የእሳቸው መቶ ደግሞ አያልቅም። "ጋሼ፣ እባክዎ ቶሎ ይበሉ" ስላቸው፣ "የሰው ሚስት በጥድፊያ አትቆጠርም" ይሉኛል።

በአራተኛው ዙር የማሽኑ ቁጥር በጣም ወረደ። ሐኪሙ "ሁለት ሳምንት እናራዝመው" አለ። ባለቤቴ አላለቀሰችም፤ ቦርሳዋን ዘጋች፣ እሱ ባሰኝ። ጋሼ መቶ ጠሯትና ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሷት።

"ይታይሻል የእኔ ልጅ? ያቺ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈችው?"

"ሐምራዊዋ?"

"እሷ ገና ልጅ ናት። ጥቂት ናቸው፣ ግን ልጆቹ መምጣት ጀምረዋል።"

ለሐኪሙም "ቆጠራው ከአምስት ቀን በኋላ ይደገም" ብለው ጻፉለት። በአምስተኛው ቀን ቁጥሩ በቃ፤ መድኃኒቷንም ወሰደች።

ይኸው ሦስት ዓመቷ፣ ደህና ናት። የደከመው የጋሼ መቶ ዓይን ነው፤ ሐኪሞቹም አይድንም አሏቸውና ጡረታ ወጡ። አሁን ውጤት በደቂቃ ታትሞ ይወጣል። ለክትትል ስንሄድ አግዳሚው ላይ ሆኜ ያ ያማረረኝ ቀጭ ቀጭ ይናፍቀኛል። ወረቀቱ "ደህና ናት" ይላል፤ እኔ ግን አንድ ሰው እንዲያያት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወረቀቱን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ያቺ መቁጠሪያ ጭናቸው ላይ ነበረች።

"አንብቢልኝ" አሏት።

"ኒውትሮፊል ስድሳ።"

ስድሳ ጊዜ ቀጭ አደረጉ። ሊምፎሳይት ሠላሳ፤ ሠላሳ ጊዜ። ሞኖሳይት ሰባት። ኢዮሲኖፊል ሦስት ስትላቸው ፈገግ አሉ።

"ቀለማቸውስ እንዴት ነው?"

ወረቀቱ ስለ ቀለም አይናገርም። ባለቤቴ አጠፈችው።

"ቀይ ፍሬ ፍሬ አላቸው፣ ጋሼ። ያምራሉ።"

ሁለት ጊዜ ቀጭ አድርገው ዘጠና ዘጠኝ ላይ ጣታቸው ቆመ። "ቸኮልኩባችሁ እንዴ?" አሉ።

"ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ" አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ያን ቀን ደወሏ ባታቃጭል ደስ ባለኝ።