በንብረት መዝገብ ያልገባ ዝናብ

ዝናብ የመንግሥት ንብረት ነው፤ እንደማንኛውም ንብረት ተቆጥሮ፣ ተፈርሞበትና ተቆልፎበት ሊቀመጥ ይገባዋል። ይህን ታላቅ እውነት ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው የጂኦግራፊ መምህራንን የሚያሠለጥን አንድ ኮሌጅ ነው። ሌሎች ተቋማት ዝናባቸውን በየሜዳው ሲያባክኑ እሱ የራሱን መጋዘን አስገብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ለተግባር ልምምድ የሚሆን አንድ የዝናብ መለኪያ ገዛ፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ውስጡ ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ብልቃጥ ያለው ጥሩ ዕቃ። የጂኦግራፊ አሠልጣኙ በገዛ እጁ ከግቢው መሃል፣ ሣሩ ላይ ተከለው። ሃያ ሁለት ዓመት በሥዕል ብቻ ሲያስተምረው የኖረውን ዕቃ በዐይኑ ሲያየው እንደ ልጅ ደስ አለው። ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን የንብረት ክፍል ኃላፊዋ በመስኮት አየችና ጃንጥላዋን ይዛ እየሮጠች ደረሰች።

"ኧረ የሰው ያለህ! የመንግሥት ንብረት ሜዳ ላይ ተጥሎ ዝናብ ይደበድበዋል!"

"እትዬ፣ እንዲደበድበው እኮ ነው የተገዛው።"

"ቢዝግ ማን ሊጠየቅ ነው? አንተ ነህ የፈረምከው ወይስ እኔ?"

የፈረመችው እሷ ነበረች። ስለዚህ መለኪያው መለያ ቁጥር ተጻፈበትና መጋዘን ገብቶ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ በተነፈሰ ኳስና በአሮጌ የወረቀት ማባዣ ማሽን መካከል በክብር ተቀመጠ።

የሥልጠናው መመሪያ ግን ለስልሳ ቀን ዝናብ ለክቶ ያልመዘገበ አይመረቅም ይላል። መመሪያ ደግሞ ይከበራል። አርባ ሁለቱ ሠልጣኞች በየጠዋቱ መጋዘኑ በር ላይ ይሰለፋሉ። ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ የጫማቸውን ጭቃ ጠርገው ይገባሉ፤ ጎንበስ ብለው ብልቃጡን ያያሉ፤ "ዜሮ" ብለው ይጽፋሉ፤ ይፈርማሉ፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይወጣሉ። አንዳንዴ ከፀጉራቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ዜሮውን ያጠፋባቸዋል፤ እንደገና ይጽፉታል።

አሠልጣኙ በየዓመቱ "የሙያ ነጸብራቅ" የሚባል ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ምን አስተማርኩ፣ ምንስ ተማርኩ እያለ ራሱን የሚመረምርበት። የዘንድሮው ካማረለት ከፍተኛ አሠልጣኝ ይባላል። ስለዚህ ብዙ አስቦ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ "ሠልጣኞቼ ያዩትን ብቻ፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መመዝገብን ተምረዋል።" አንድም ሐሰት የለበትም። ሆኖም ባነበበው ቁጥር ያፍር ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ተቀበለችው።

"ምነው እንዲህ በሰበስክ? ዝናቡ ከባድ ነው እንዴ?"

"ዜሮ ነው" አላት ሳያስበው።

ሚስቱ ትኩሳት ይኖረው እንደሆነ ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

ከአርባ ሁለቱ አንዷን ጓደኞቿ "ጸሐፊዋ" ይሏታል። አሥር ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ሠርታ፣ መምህር ልሁን ብላ ሥራዋን ትታ፣ ልጇን እህቷ ዘንድ አስቀምጣ የመጣች ሴት ናት። ይህች ሴት ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ከመኝታ ክፍሎቹ ኋላ ገላጣ ቦታ ላይ በድንጋይ አስደግፋ አቆመች። ከመጀመሪያው ቀን አንሥታም በየጠዋቱ ማስመሪያ እየሰደደችበት ትለካ ጀመር። ደብተሯ ላይ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አራት፣ ሃያ ሁለት የሚሉ ነውረኛ ቁጥሮች ታዩ። አሠልጣኙ ቢሮው አስጠራት።

"እህቴ፣ አርባ አንድ ሰው ዜሮ ሲል አንቺ ብቻሽን ሃያ ሁለት?"

"ጋሼ፣ ዘንቦ ነበራ።"

"መዝነቡንማ እኔም አውቃለሁ።"

"እና?"

"እናማ... ዜሮ ብለሽ ጻፊና ተመረቂ። ለልጅሽ ስትይ።"

"አሥር ዓመት ሙሉ ያልሆነውን ሆኗል እያልኩ ስተይብ ኖሬያለሁ። በቃኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ነገ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ ዝናብ የሚለካው መጋዘን ውስጥ ነው ልበላቸው?"

አሠልጣኙ ጉዳዩን ወደ ዲኑ መራው። ሰው መልስ ሲያጣ ደግሞ ኮሚቴ ይጠራል።

ዲኑ ስብሰባውን "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ብለው ከፈቱ። ጣሳው ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ተገላብጦ ታየ። የምርመራው ውጤት የማያሻማ ነበር፦ ጣሳው መለያ ቁጥር የለውም፣ ገቢ የሆነበት ሰነድም የለውም፤ ስለዚህ በውስጡ የተገኘውን ዝናብ ኮሌጁ አያውቀውም። ጸሐፊዋ በመረጃ አያያዝ ጉድለት ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ እስክትታረም ድረስም የተግባር ውጤቷ እንዲያዝ ተወሰነ። ያለዚያ ውጤት ምርቃት የለም። አሠልጣኙ አስተያየት ካለው ተጠየቀ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። ጸሐፊዋ ግን ጣሳዋን ወስዳ ቦታው ላይ መልሳ አቆመችው፤ መለካቷንም ቀጠለች።

ስልሳው ቀን ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው አንድ ከባድ ዝናብ የመጋዘኑን ጣሪያ ሰርስሮ በቀጥታ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ወረደ። በማግስቱ ብልቃጡ ሞልቶ ሲፈስ ተገኘ። አርባ አንዱ ሠልጣኞች ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ "ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር" ብለው ጻፉ፤ ፈረሙም። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ገምጋሚዎች የሚመጡት ስልሳው ቀን በሞላ ማግስት ነው። ዲኑ መዝገቡን ሲያገላብጡ ላብ አጠመቃቸው።

"ሃምሳ ሁለት ቀን ዜሮ! ከዚያ በአንድ ሌሊት ሁለት መቶ! በዚህ መዝገብ ከሄድን እኮ መጀመሪያ በድርቅ አልቀናል፤ የተረፍነውን ደግሞ ጎርፍ ወስዶናል!"

"ጣሪያው ነው" አለች የንብረት ክፍል ኃላፊዋ። "እኔ አመልክቻለሁ። ደብዳቤ አለኝ።"

"ታዲያ ትክክለኛው ዝናብ የት ነው ያለው?" ዲኑ አሠልጣኙ ላይ አፈጠጡ።

አሠልጣኙ ድፍረት ከየት እንደመጣለት እንጃ። "የጸሐፊዋ ደብተር ላይ ነው" አለ። "ከመጀመሪያውም ትክክል የነበረችው እሷ ናት።" ይህን ብሎ ደረቱ ቀለለው። እውነት መናገር እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን ረስቶት ነበር።

ዲኑ አመሰገኑት። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" አሉና፣ ስልሳው ቀን እንደሞላ የጸሐፊዋ ደብተር ለአርባ አንዱ እንዲዳረስ አዘዙ። ሠልጣኞቹ ቀኑን ሙሉ ሲገለብጡ ዋሉ። ጸሐፊዋም በደስታ አበደረቻቸው፤ እንዲያውም ቁጥሯ ያልተነበበላቸውን በየወንበሩ እየዞረች ታነብላቸው ነበር። ዕለቱን ለእህቷ ደውላ፣ "ልጄን ይዘሽልኝ ለምርቃቴ ነይ" አለቻት።

ገምጋሚዎቹ መጡ። አንደኛው መነጽራቸውን ወልውለው ሁለት ደብተር ጎን ለጎን አዩ፤ ከዚያ አምስት፤ ከዚያ አርባ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

"ይሄማ ኩረጃ ነው። ማን ከማን ኮረጀ?"

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አሠልጣኙ ዞረ። ዲኑ ፊት ለፊት የዕድገት ደብዳቤው ተቀምጧል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። አሠልጣኙ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላ የተቀመጠችው ጸሐፊዋ ሙሉ እምነቷን ጥላበት አየችው።

"ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል" አለና ተቀመጠ።

ጥናቱ አሥር ደቂቃ ፈጀ። ከአርባ ሁለቱ መካከል በመረጃ አያያዝ ማስጠንቀቂያ ያለባት አንዲት ሠልጣኝ ብቻ ተገኘች። "አርባ አንድ ሰው ከአንድ ሰው ኮረጀ ካልን የተቋም ውድቀት ነው" አሉ ገምጋሚው። "አንድ ሰው ከአርባ አንድ ሰው ኮረጀ ካልን ግን የግለሰብ የሥነ ምግባር ችግር ነው።" ተቋሙ እፎይ አለ። ጸሐፊዋ ዓመቱን እንድትደግም ተወሰነ።

"ጋሼ፣ እኔ ከማን ነው የኮረጅኩት?" አለችው በር ላይ ጠብቃ።

"አይዞሽ፣ ዓመት ሩቅ አይደለም" አላት፤ ዐይኗን ማየት ግን አልቻለም።

እውነትም ሩቅ አልነበረም። በዓመቱ ጸሐፊዋ ተመልሳ ስትመጣ ከፍተኛ አሠልጣኙ አዲስ ቢሮው ውስጥ ተቀብሎ፣ በላስቲክ የተለበጠና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጣት። ገምጋሚዎቹ ያጸደቁት የስልሳ ቀን መዝገብ ነው፤ ከእንግዲህ ሠልጣኝ ሁሉ የሚገለብጠው እሱን ሆኗል። አንድ በአንድ አየችው። ቁጥሮቹ የራሷ ናቸው።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአምናው ነው። ዘንድሮ ገና ጠብ አላለም።"

"እህቴ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዝናቡ ጸድቋል።"

ጸሐፊዋ በመስኮት ግቢውን የሚያነደውን ፀሐይ አየች። ልጇን አሰበች። ከዚያ ብዕሯን አነሣችና የመጀመሪያውን ቀን ዝናብ ሳትጨምር ሳትቀንስ ገለበጠች፤ ፈረመችም። ሙሉ ነጥብ አገኘች።