እማማ ያዋለዷቸው ልጆች አያድጉም

ጥር አሥራ ሁለት ቀን በሞላሁት የምስክር ቃል መቀበያ ላይ አንድ መስመር ባዶ ነው፤ የምስክሯ ፊርማ።

ኑሮ ሲጠብ በየሰፈሩ ለልጆች ሁሉ ጠበቃ የሚሆን ሰው አይጠፋም። ሕግ አልተማረም፣ ደመወዝ የለውም፤ የችሎት ቀጠሮ ግን ከዳኛው በፊት ያውቃል። የእኛዋ ክብርት ጠበቃ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ አባቶች ቤት መዋል፣ ልጆች ውጭ ማምሸት ጀመሩ። የመኪና ስፖኪዮ፣ የበር እጀታ፣ የተሰጣ ልብስ ሁሉ እግር አወጣ። አሥራ አምስት ያልሞላው ተመክሮ ወደ እናቱ ይመለሳል፤ የሞላው ከጎልማሶቹ ጋር ይታሰራል። የልደት ወረቀት ያለው ደግሞ ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ ዕድሜ የሚመሰክሩት እማማ ነበሩ።

«እጄ ላይ ነው የወደቀው» ይላሉ፣ መዳፋቸውን ለችሎቱ እያሳዩ። «አሥራ አራት ዓመቱ ነው።»

ሁልጊዜ አሥራ አራት። ጢሙን ተላጭቶ የመጣውም አሥራ አራት።

እኔ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩት አንዱ መዝገብ ከሌላው እንዳይጣላ ነው። ሥራ ቀለል ሲለኝ የእማማን ቃል አመሳከርኩት። በእሳቸው ምስክርነት በአንድ ቀን አሥራ አንድ ልጅ አዋልደዋል። ሁለት መንትዮች ደግሞ በሁለት ዓመት ይበላለጣሉ።

ጥር አሥራ ሁለት ቀን ስፖኪዮ የፈታ ልጅ ይዘው መጡ። የድሮውን መዝገብ ፊታቸው ዘረጋሁት።

«እማማ፣ ይህ ልጅ ካቻምናም አሥራ አራት ነበር።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ዕድሜ ይጨምራላ።»

«ምን በልቶ? አባቱ ሥራ ከፈታ ሁለት ዓመቱ። ልጅ የሚያድገው ሲበላ ነው፤ ይህን አላስተማሩህም?»

«ሕጉ የሚቆጥረው ዓመት ነው።»

«እንግዲያ ሕጉ ያዋልዳ።»

ወረፋ የያዙት እናቶች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። «ሁለቱ መዝገቦች ሳይታረቁ አላስፈርምዎትም፤ ነገ ይምጡ» አልኳቸው።

«የአንተን እትብት ያሰረችው አዋላጅ አጥብቃዋለች» ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ አልመጡም። እንደተኙ አርፈው ተገኙ። ሳጥናቸውን የተሸከሙት ስምንት ጢማም ጎረምሶች ነበሩ፤ በእኔ መዝገብ ሁሉም አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ሳጥኑን የሠራው አናጺም እንዲሁ።

ቀጠሮው ሲደርስ ልጁ ችሎት ፊት ቆመ፣ እናቱ ከኋላው። ዳኛው ወረቀቱን አገላብጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምስክሯ አልፈረሙም እኮ።»

«ሞት ቀደማቸው፣ ክቡር ዳኛ። ቃላቸውን የተቀበልኩት ግን እኔ ነኝ። አሥራ አራት ብለዋል።»

«ከሌላ መዝገብ ጋር የሚቃረን ነገር አለ?»

የድሮው መዝገብ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉም ኪሴ።

«የለም» አልኩ።

ልጁ ተመክሮ ተለቀቀ። ደረጃው ላይ እናቱ ደርሳብኝ አጫወተችኝ። እማማ ያን ቀን ከእኔ ቢሮ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደው የልጁን ሱሪ አስወለቁት። ከቁርጭምጭሚት በላይ የቀረ ሱሪ ዳኛ ፊት ዕድሜ እንደሚያሳብቅ ያውቃሉ። ልብስ ሰፊው ዘንድ ወስደው ከታች የታጠፈውን አስፈቱ፤ አራት ጣት አስረዘሙት፤ አስተኮሱትና ሳይመሽ መልሰው ሰጧት።