መኪና የሌለው የመኪና ዳኛ

መኪና የለኝም። ይህን ቀድሜ መናገሬ ጥሩ ነው፤ ኋላ "ለመሆኑ አንተ ምን ትነዳለህ?" ብለህ ጨዋታዬን እንዳታቋርጠኝ። መንጃ ፈቃድም የለኝም። ጎማ መተንፈሱን የማውቀው ሹፌሩ ወርዶ ሲራገም ነው። እንዲህም ሆኜ ግን ጅግጅጋ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪና ሰዎችን ዳኝቻለሁ። ደግሞም ጥሩ አድርጌ ነው የዳኘሁት። ከአንድ ጊዜ በቀር።

ቴሌግራም በየሰው ኪስ በገባ ሰሞን ነው። መሐሙድ የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ "የጅግጅጋ መኪና ወዳጆች" ብሎ ግሩፕ ከፈተ። መሐሙድ ከዘፈን ይልቅ የሞተር ድምፅ የሚጥመው ሰው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የመኪና ፎቶ እንለዋወጥ፣ ዕቃ እንጠያየቅ፣ የሚሸጥም ይሽጥ። በሁለተኛው ሳምንት ጦርነት ሆነ።

በምን አትለኝም? በመሪ። እኛ ከተማ አንዳንዱ መኪና መሪው በግራ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በድንበሩ በኩል የመጣ ነውና መሪው በቀኝ ነው። ባለ ግራዎቹ ባለ ቀኞቹን "ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የምትነዱ" አሏቸው። ባለ ቀኞቹም ዝም አላሉም። ነገሩ ከመሪ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ጎሳ ተሻገረ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ወሬ ከመኪና ወጥቶ ወደዚያ ሲሻገር ብልህ ሰው ስልኩን ያጠፋል። መሐሙድ ደነገጠና ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ።

እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። "መዓሊን" አለኝ፤ እዚያ መምህርን እንዲህ ነው የሚሉት። "አንተ መኪና የለህም። እዚህ አገር ዘመድም የለህም። ከአንተ የተሻለ ዳኛ ከየት አመጣለሁ?" ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ ተቀበልኩ። ሹመት ሲመጣ ማን እንቢ ይላል?

ሕጉን በአንድ ከሰዓት ጻፍኩት። አሥራ ሁለት አንቀጽ ነበር፤ መሐሙድ አራት አደረገው። ስድብ ክልክል። ፖለቲካ፣ ጎሳና ሃይማኖት ክልክል። ከመኪና ሌላ ዕቃ መሸጥ ክልክል። ሰው የሚሸጠውን መኪና ያለ ማስረጃ ማጣጣል ክልክል። የጣሰ ሦስት ቀን መጻፍ አይችልም፤ ማንበብ ብቻ። ይህችን ቅጣት አባላቱ ራሳቸው "ጾም" አሏት። እስላሙም ክርስቲያኑም ጾም ያውቃል፤ ማብራሪያ አላስፈለገም።

አትሳቅ እንጂ ሥራው ቀላል አልነበረም። አንዱ ፍየል ለሽያጭ ለጠፈ። ሦስተኛውን ሕግ ብጠቅስለት "ፒክአፕ ላይ እኮ ነው የቆመችው፤ ፒክአፑን እዩ" ብሎ ተከራከረኝ። አስጾምኩት። ባቡር በደጁ የሚያልፍ አንድ የሽንሌ ሰው ደግሞ በየቀኑ የባቡር ፎቶ ይልካል። ባቡር መኪና ነው አይደለም? ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ባቡር ዓርብ ዓርብ ብቻ ይፈቀድ ብዬ ፈረድኩ። ሁሉም ተስማማ። መሐሙድ ራሱ አንድ ጊዜ ተሳደበ። የግሩፑን ባለቤት ቴሌግራም ዝም ማሰኘት አይችልም። እሱ ግን በገዛ ፈቃዱ ሦስት ቀን ጾመ። ይህን ያየ ሁሉ አከበረኝ። ሻሂ ቤት ስገባ ሹፌሮች ከወንበራቸው ይነሱልኝ ጀመር። እኔም ፍትሕ ማለት እኔ ነኝ ማለት ጀመርኩ። በልቤ ነው ታዲያ።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ።

ጋሽ ግርማ የሚባሉ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አሉ። ከመሀል አገር መጥተው እዚያው ያረጁ፣ ሶማልኛው ከአማርኛቸው ይልቅ የሚፈስላቸው ሰው ናቸው። ለፋሲካ እሳቸው ቤት ነው የምፈስከው። አንድ ሐሙስ ነጭ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ግሩፑ ላይ ለሽያጭ አወጡ። መኪናዋ ታበራለች። ማሻአላህ የሚለው በዛ። በመሀል "ዝገት" በሚል ስም የተመዘገበ፣ የፊት ፎቶ የሌለው፣ በፎቶው ቦታ የዛገ የመኪና መከላከያ የለጠፈ ሰው ብቅ አለና ጻፈ፦ "ይህን መኪና እንዳትገዙ። ሻንሲው ተሰብሮ የተበየደ ነው።"

ሻንሲ የመኪና አከርካሪ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ማስረጃ አቅርብ አልኩት። "አውቃለሁ" አለ። እንዴት ታውቃለህ? "አውቃለሁ አልኩ።" በቃ! አራተኛው ሕግ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ጽሑፉን ሰረዝኩና አስጾምኩት።

እስቲ አሁን ልጠይቅህ፤ ስህተቱ የቱ ላይ ነው? ሕጉ ትክክል ነው። ቅጣቱም ትክክል ነው። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ የባቡሩን ሰው ሁለት ቀን ሰምቼዋለሁ። ዝገትን ሁለት ደቂቃ አልሰማሁትም። የጋሽ ግርማ ዶሮ ሆዴ ውስጥ ሆና እየፈረደች ነበር። ወዲያው ዝገት በውስጥ መስመር መልእክት ላከልኝ። አልከፈትኩትም። የተቀጣ ሰው ሁሉ በውስጥ መጥቶ ይለማመጣል፤ ስንቱን አነባለሁ ብዬ።

ቅዳሜ መኪናዋ ተሸጠች። የገዛችው ሲስተር ሂክማ ናት፤ ሸደር በሚገኘው የስደተኞች ጣቢያ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ። የግሩፑ አባል ናት፤ ጥያቄ እንጂ ጠብ አታውቅም። ስንት ዓመት የመንገድ ዳር አቧራ እየጠጣች፣ መኪና እየለመነች ስትመላለስ እናውቃታለን። ልጆቿን ፒክአፑ ላይ አቁማ ፎቶ ላከች። እኔ ራሴ "እንኳን ደስ አለሽ" ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ። አንድ ሰው ካልገባሁ እያለ በሩን ይዞ ቆሟል አለኝ። ወጣሁ። የተቃጠለ ቱታ የለበሰ፣ ቅንድቡ በብየዳ ብልጭታ የተበላ ሰው ነው። ሞተር ሳይክሉን አላጠፋም።

"ዝገት ነኝ" አለኝ። "ሙክታር እባላለሁ። በያጅ ነኝ። አንተ ማንበብ አትችልም እንዴ? መልስህን ስጠብቅ መኪናዋ ተሸጠች።"

የድሬዳዋ ልጅ ነው። የድሬ ልጅ ደግሞ አንቱታ አያውቅም። ግን የኮነነኝ አንተ ማለቱ አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ መልእክቱን ከፈትኩ። ፎቶ ነው። የተበጠሰ ሻንሲ፣ ከጎኑ የሙክታር ጓንት ያለው እጅ፣ ከላይ ያው ነጭ ጋቢና፣ ሰሌዳው ሳይቀር። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "መምህር፣ የበየድኩት እኔ ነኝ። ለከተማ ውስጥ ብቻ ነው፣ ጭነትና ቁልቁለት አይችልም ብዬ ነው የሰጠሁት። ያመጣው ሰው ሸጦት ሄዷል። ግርማ አያውቅ ይሆናል። ንገረው።"

"ታዲያ ይህን ግሩፑ ላይ ለምን አላልክም?" አልኩት።

"እኔ ነኝ የበየድኩት ብዬ ሰው ሁሉ ፊት ልጻፍ? ነገ ማን ሥራ ያመጣልኛል? ለዳኛ ነገርኩ። ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባል የለ?"

እሱ ይህን ሲል ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ሂክማ ግሩፑ ላይ ፎቶ ለቃለች። እናቷ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ፣ ከላይ ሻንጣና ፍራሽ ተቆልሏል። "ቢስሚላህ፣ ወደ ሐረር ጉዞ ጀመርን።"

ወደ ሐረር ማለት የካራማራን ተራራ ወጥቶ መውረድ ማለት ነው።

የሂክማ ቁጥር የለኝም። ጋሽ ግርማ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ ስሜን ለማጥፋት ነው ብለው ጮኹ። ልጆቹ ከኋላ መሆናቸውን ስነግራቸው ግን ቁጥሯን አንድ በአንድ ጠሩልኝ። ደወልኩ፤ አይሠራም። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ "ካራማራ መንገድ ላይ ያላችሁ በሙሉ፣ ሲስተር ሂክማን አስቁሙ። ነጭ ደብል ጋቢና። ቁልቁለቱን እንዳትጀምር። በሕግ አምላክ!" ከዚያ ሙክታር ኋላ ተፈናጠጥኩ። ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ወገቡን አቅፌ ነው የሄድኩት። ተማሪዎቼ በመስኮት ሲያዩኝ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

እዚህ ላይ ስለ ግሩፑ ልናገር። እነዚያ በግራና በቀኝ መሪ ሲናከሱ የነበሩ ሰዎች በአሥር ደቂቃ ውስጥ መንገዱን በሙሉ ተከፋፈሉት። አንዱ ከተማው መውጫ ላይ አላየኋትም አለ። አንዱ ከባቢሌ እየመጣ ስለነበር ጭነት መኪናውን በምልክት አቁሞ መንገድ ዳር ጠበቀ። ያገኛት ግን አብዲ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነው። የባለ ቀኝ መሪዎች አለቃ፣ ሦስት ጊዜ ያስጾምኩት ሰው። ካራማራ አናት ሳይደረስ ባለው ኬላ ላይ ለፍተሻ ተሰልፋ አያት። ወርዶ ሄደ። ምንም ሳይናገር እጁን በመስኮት አግብቶ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ስንደርስ ሂክማ ሌባ እያለች ትጮሃለች። ፖሊስ አብዲን በክንዱ ይዞታል። አብዲ ደግሞ "ወላሂ ዳኛው ይመጣል! ዳኛው ነው ያዘዘኝ!" ይላል። ፖሊሱ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ ግራ ገብቶታል። እናቷ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ።

ሙክታር ለማንም ሰላም ሳይል መኪናው ሥር ገባ። ትንሽ ቆየና "መምህር፣ ና" አለኝ። በሥራ ልብሴ ተንፏቅቄ ገባሁ። በጣቱ አሳየኝ። ብየዳው ጠርዝ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። "ጥፍርህን አስገባ" አለኝ። ገባ። ኬላው ድረስ የወጡት ዳገት ነው ይህን ያደረገው። ቁልቁለቱማ ምን ያደርግ እንደነበር አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እዚያው በጀርባዬ እንደተኛሁ ከላዬ የልጆቹ እግር ጋቢናው ውስጥ ሲረግጥ ይሰማኛል።

ወጣሁና ለሂክማ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ ራሷ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

"ይህን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ማነው?" አለች።

ሙክታር መሬት መሬት አየ። ሊናገር ነው። ቀደምኩት።

"እሱ ዝም አላለም። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጆቿን አንድ በአንድ አወረደች። ፖሊሱ የለቀቀው አብዲ ሻንጣና ፍራሹን ሚኒባሱ ላይ ጫነ። ሂክማ እናቷን ደግፋ አስገባች። ወደ ሐረር ሄዱ። ሙክታር ባዶዋን መኪና በእግር ፍጥነት እየነዳ ወደ ከተማ መለሳት። ጋሽ ግርማ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። እሳቸውም ከሌላ ሰው ነው የገዙት፤ ሥሯን አይተው አያውቁም። ገንዘቧን ያኑ ቀን በባንክ መለሱላት። እኔን ግን ዓይኔን ማየት አልቻሉም፤ እኔም ዓይናቸውን።

በማግስቱ ሁሉንም ለግሩፑ ጻፍኩ። ሳልቀንስ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ጀመርኩ፣ የሥልጣንን ባሕርይ ተነተንኩ፣ በመጨረሻም ቅጣት ይገባኛል አልኩ። ክርክር ሆነ። አንዱ ይቅር እንበለው አለ። አብዲ ግን ሦስት ጊዜ ጾሜያለሁና አንዴ ይጹም አለ፤ ትክክል ነው። ሕጓም ተሻሻለች፦ "ማስረጃ በግልጽ ማቅረብ የማይችል ለዳኛው በውስጥ ይላክ፤ ዳኛውም ያንብብ።" "ዳኛውም ያንብብ" የምትለዋን የጨመረችው ሲስተር ሂክማ ናት። ከዚያ በኋላ ነው ይቅር ያለችኝ ብዬ አምናለሁ።

መሐሙድ ሥልጣኔን ገፈፈና የሦስት ቀን ጾም አዘዘብኝ። ሲጫን ግን ጣቱ "ለዘላለም" የምትለዋን ነካች። ያን ዕለት ደግሞ ለሠርግ ከደገሀቡር ወዲያ፣ ኔትወርክ ወደሌለበት ገጠር ሄደ። አሥራ ስድስት ቀን ጾምኩ። እኔ ከሌለሁ ግሩፑ ይፈርሳል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። አልፈረሰም። እንዲያውም መኪና መሸጥ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ሙክታር ሥሯን ይይልኝ ማለት ጀመረ። የብየዳ ሥራውም እንደፈራው አልቀነሰም፤ በዛለት። በአሥረኛው ቀን ድምፅ ሰጥተው ዳኛ አደረጉት። እኔ መምረጥ አልቻልኩም እንጂ እሱን ነበር የምመርጠው።

መሐሙድ ተመልሶ ሲፈታኝ ደስታዬን መግለጥ ፈለግሁ። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ሰሚ ጆሮ አንድ ጥሩ ነገር ጻፍኩ። ጽሑፌ ደቂቃ ሳይቆይ ጠፋ። በውስጥ መስመር መልእክት መጣልኝ፤ አሁን ሁሉንም ነው የምከፍተው።

"መምህር፣ አዲስ ሕግ አለ" ይላል ሙክታር። "ከአምስት መስመር በላይ መጻፍ ክልክል ነው።"

ይግባኝ አልኩ። ይግባኜ ስድስት መስመር ሆኖ ተገኘና ተሰረዘ።