ለክፉ ቀን የተከመረ ማገዶ

ከቤተሰብ መካከል ታላቅ ሰው ሲነሳ ዘመዱ ሁሉ ይከበራል፤ ትንሽም ይበርደዋል። የኛ ቤት ታላቅ ሰው አጎቴ ነው። ዕድሜ ልኩን የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ፣ «ከእንግዲህ ለመብራት ቆጣሪ አልንበረከክም» አለና ሚስቱን፣ እኔንና ዶሮዎቹን ጭኖ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወደማይታይበት ኮረብታ ወጣ።

እዚያ ራሳችንን ቻልን። ውሃ ከጉድጓድ እንቀዳለን። መብራት ደግሞ ጣሪያ ላይ ካለችው የፀሐይ ሰሌዳ እናገኛለን፤ ፀሐይ ስትኖር፣ ማለትም መብራት በማያስፈልገን ሰዓት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አጎቴ በረንዳው ላይ ሰብስቦን፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዝግጅቱን በይፋ ከፈተ።

«የተከበራችሁ የቤተሰቡ አባላት፤» አለ። እኔና ሚስቱ መሆናችን ነው። «እንደሚታወቀው ማገዶ የክረምት የጀርባ አጥንት ነው...»

«ንግግሩን ተወውና መጥረቢያውን አንሳ፤» አለችው እትዬ። ሚስቱን እትዬ ነው የምላት። «እናቴ ክረምቱን እኛ ዘንድ ልትከርም ነው። ደረቷን ታውቀዋለህ። አምና ብርድ መትቷት ለጥቂት ነው የተረፈችልኝ። ይኼ ቤት ካልሞቀ አጣታለሁ።»

«ይሞቃል። በኔ ይሁንብሽ።»

ሐሰት አይነገርም፣ ሠራ። ማለቴ እኔ ፈለጥኩ፣ እሱ ከመረ። ፍልጡን በውፍረቱ ለየ፣ በገመድ ለካ፣ ጫፉን ከጫፍ አስተካከለ። ከቤታችን ግድግዳ ይልቅ የማገዶ ክምራችን ቀጥ አለ። አንድ ግንበኛ በዚያ ሲያልፍ አይቶት አለቀሰ ይባላል፤ የሚለውም እኔ ነኝ።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣ መንገዱን ጭቃ ዋጠው፣ ብርዱ ገባ። ምን ዓይነት ብርድ ቢሉ፣ ድመታችን ከአይጦቹ ጋር እርቅ አውርዳ ተቃቅፈው ይተኙ ጀመር። የእትዬ እናት፣ እማማ፣ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ባዶ ምድጃ ፊት ቁጭ ብለው ያስላሉ። እትዬ እንጨት ልታመጣ ብትወጣ ባሏ ክምሩ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«ወዴት ነው?»

«እንጨት ልወስድ።»

«ይኼ እኮ ለክፉ ቀን ነው።»

«ዛሬስ ምን ሆነና?»

«ዛሬ ብርድ ነው። ብርድ ሌላ፣ ክፉ ቀን ሌላ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እናቴ እየሳለች ነው።»

«ስሚኝ፤ መጋዘን የሚከበረው በገባው እንጂ በወጣው አይደለም። እኔ በነበርኩበት ዘመን ከመጋዘኔ አንዲት ምስማር ያለአግባብ አልወጣችም።»

«በአግባብስ?»

አጎቴ አሰብ አደረገና «በአግባብም አልወጣችም» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ታማኝነት ይሉሃል ይህ ነው። እሱ አካፋዎቹን ቆልፎ ሲጠብቅ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ቦይ በማንኪያ ይቆፍሩ ነበር አሉ።

እትዬ አልተከራከረችም። ወደ ማጀት ጠራችኝ።

«አንተ ቀልማዳ፣ ያ ክምር ጀርባ አለው?»

«ጀርባ የሌለው ምን አለ፣ እትዬ?»

«በል ከጀርባው ጀምር።»

ወደ ክምሩ ጀርባ የሚያስገባው መንገድ በዶሮ ቤቱ በኩል ነው። አጎቴ ደግሞ ከአውራ ዶሮው ጋር ስለተጣላ በዚያ በኩል ዝር አይልም፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳ አለው። እኔና ዶሮው ግን ጥሩ ወዳጆች ነን።

ቤቱ ሞቀ። አጎቴ ካፖርቱን አወለቀና ምድጃውን ጠረጠረ።

«ምንድን ነው የሚነደው?»

«ጭራሮ» አለችው እትዬ። ጭራሮው የሰው ጭን ያህላል።

አጎቴ ወጥቶ የክምሩን ፊት ከዳር እስከ ዳር መረመረ። አንድም አልጎደለም። ተመልሶ እጁን እያሞቀ «ጥሩ ጭራሮ ነው» አለ። ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፊቱን እየመረመረ፣ ማታ ማታ ጀርባውን ሲሞቅ ከረመ።

እማማን ሳሉ ለቀቃቸው። አንድ ቀን አማቻቸውን «እግርህን ሰብስብ፣ እሳቱን ጋረድከው!» ብለው ሲቆጡት፣ በደንብ መዳናቸውን አወቅን።

ሰማዩ ሲጠራ አጎቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ የመዝጊያ ንግግር አደረገ።

«ክቡራን ጎረቤቶቼ፤ ክረምቱ አልፏል። ከዚህ ክምር አንዲት ፍልጥ አልተነካችም፣ ቤታችን ግን ሞቋል። ይህም የሚያሳየው ሙቀት የሚገኘው ከማገዶ ሳይሆን ከቁጠባ መሆኑን ነው!»

ተጨበጨበለት። እሱም ቃሉን ሊያጸና ክምሩን በመዳፉ መታ አደረገው።

ክምሩ ወደ ኋላ ተደረመሰ። አቧራው ሲበተን፣ እንጨት ይኖርበታል በተባለው ሰፊ ቦታ አውራ ዶሮው ከነቤተሰቡ ቆሟል። ሚስቶቹ እንቁላል ታቅፈዋል። ዶሮው አጎቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

ቀድመው የተናገሩት እማማ ናቸው።

«ልጄ፣ አሁንስ ክፉ ቀን መጣ?»

አጎቴ ባዶውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዳያችሁት፤» አለ፣ «ሙከራችን ተሳክቷል። ክረምትን ለማለፍ የክምሩ ፊት ብቻ ይበቃል።»

ከመጀመሪያውም ባሰ ተጨበጨበለት።

ዘንድሮ እትዬ ማገዶዋን ዶሮ ቤት አስገብታ አውራ ዶሮውን ኃላፊ አድርጋዋለች፤ ለሷ ሲሆን ያስወጣል። የቀረው የኮረብታው ሰው ግን አጎቴን ሰምቷል። በዚያ ካለፋችሁ በየደጁ እንደ ግንብ የቀና ማገዶ ታያላችሁ። አድንቁ፣ አጨብጭቡ። ብቻ እንዳትደገፉት።