ሰው ስንት ዶሮ ነው?

በግንባታ ታሪክ ውስጥ ስማቸው በደማቅ ቀለም ሊጻፍ ከሚገባቸው ታላላቅ ሰዎች አንዱ የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ቀመር ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ቀመር የተባሉት ቀመር ስለሚያውቁ ሳይሆን ቀመር የሞላበት ሺት ስላላቸው ነው።

ሺቱ ማለት አንድ የኤክሴል ፋይል ነው። የዛሬን አያድርገውና፣ አንድ ነባር መሐንዲስ ለዶሮ እርባታ ባለ ፎቅ ቆጥ ሲሠራ ያዘጋጀው ነበር። ሰውየው ጡረታ ወጣ፣ ቆጡም ፈረሰ፣ ሺቱ ግን ቀረ። ቆጡ ለምን እንደፈረሰ የጠየቀ የለም። እንዲያውም ክፍሉ በዚያው ሺት ያሰላቸው የገበያ አዳራሹም፣ ሆስፒታሉም፣ የእግረኛ ድልድዩም የዚያ ቆጥ ልጆች ናቸው።

በሺቱ መካከል «የዶሮ ብዛት» የሚል ቢጫ ሳጥን አለ። ከዶሮ ወደ ሰው ልለውጠው ብሎ የነካካው ሌላውን ሁሉ ስለሚያበላሽ፣ ክፍሉ በታላቅ ማስተዋል ሳጥኑን ትቶ ሰውን ለመለወጥ ወሰነ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ከጥልቅ ውይይት በኋላ አንድ ሰው ሃያ አምስት ዶሮ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሠላሳ ይሁን ብሎ የተሟገተው አባል ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሮ ነበር።

ሺቱ በመጨረሻ አረንጓዴ ካሳየ ሕንፃው ይቆማል ማለት ነው። ቀይ ካሳየ ደግሞ መላ አለው።

«ጋሼ፣ የአዲሱ ሲኒማ ቤት ሰገነት ቀይ ሆነብኝ» አለች አንድ ቀን አዲሷ መሐንዲስ።

«ዶሮ ቀንሺ።»

«ብረት ብንጨምርስ?»

«ብረት ወጪ አለው። ዶሮ መቀነስ ምን ወጪ አለው?»

«ተመልካቹ ግን አይቀንስም እኮ!»

«ልጄ፣ የተመልካች ብዛት የቲኬት ቆራጩ ጉዳይ ነው። እኛ መሐንዲሶች ነን።»

ዶሮ ተቀነሰ፤ ሳጥኑ አረንጓዴ ለበሰ፤ ጋሽ ቀመርም ፈረሙ።

በዚያው ሰሞን ባለቤታቸው ለልጃቸው ምርቃት እንግዳ የሚቀበሉበት ሰገነት ከቤታቸው ፎቅ ላይ ካልተሠራ ብለው ያዙ። ጋሽ ቀመር ሺቱን ከፈቱ። ቢጫውን ሳጥን አዩ። ልጆቻቸውን አሰቡ፣ ከባድ ሚዛን የሆኑትን አማታቸውን አሰቡ፣ ከዚያ ሺቱን ቀስ ብለው ዘጉት። በማግሥቱ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ከከተማው ማዶ ወዳለ የግል አማካሪ ቢሮ ሄዱ።

«አደራ፣ በደንብ ይሰላልኝ» አሉ። «ልጆቼ ናቸው የሚቆሙበት።»

አማካሪው ማኅተም የረገጠበት ዳጎስ ያለ ጥራዝ አስረከባቸው። የመጨረሻው ገጽ «አስተማማኝ ነው» ይላል። ጋሽ ቀመር ከሌላው ገጽ አንዱንም ሳይገልጡ እፎይ ብለው ሰገነቱን አሠሩ።

በምርቃቱ ዕለት ሰገነቱ በእንግዳ ተጨናነቀ። አማትየው መሀል ወንበር ይዘዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ አጠገባቸው ቆመዋል። ጋሽ ቀመር ከታች ከአማካሪው ጋር ብርጭቆ ይዘው ሥራውን ያደንቃሉ።

«ለመሆኑ በምን አሰላችሁት?»

«በእናንተው ሺት ነዋ!» አለ አማካሪው በኩራት። «ከእናንተ የለቀቀ ልጅ ይዞልን መጣ። እኔ እንደሱ ያለ ነገር አላየሁም ጋሼ። መጀመሪያ ቀይ ብሎን ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ዶሮ ቀነስን።»

ጋሽ ቀመር ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ቀና ብለው እንግዳውን በሃያ አምስት ማባዛት ጀመሩ፣ አማታቸው ጋ ሲደርሱ ሒሳቡ ጠፋባቸው። «ውረዱ፣ ይወድቃል!» ብለው መጮህ ይችሉ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን «ለምን?» ማለታቸው አይቀርም።

«ምሳ ቀርቧል!» ብለው ጮኹ። «ታች ነው የቀረበው!»

«የቱ ምሳ?» አሉ ባለቤታቸው ከላይ። «ገና እሳት ላይ ነው እኮ!»

«ቀርቧል አልኩሽ!»

ሰው እየተንጋጋ ወረደ። አማትየው «ምነው፣ ገና አረፍ ከማለቴ!» እያሉ ከሁሉ በኋላ ተከተሉ። የመጨረሻውን ደረጃ እስኪረግጡ ድረስ ጋሽ ቀመር አልተነፈሱም። ሲረግጡ እንባ ቀረሽ ሆነው ጉንጫቸውን ሳሟቸው፤ አማትየውም አማቼ ዛሬ ጠጥቷል አሉ። ባለቤታቸው ምሳውን ሲያጣድፉ ጋሽ ቀመር የሰገነቱን በር ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ለጠየቃቸው ሁሉ ቀለሙ አልደረቀም አሉ።

ሰኞ ጠዋት አዲሷ መሐንዲስ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ገባች።

«ጋሼ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፎቅ ቀይ ነው።»

ጋሽ ቀመር ቀዩን ሳጥን ትክ ብለው ተመለከቱት። ኪሳቸው ውስጥ ቁልፉን ዳበሱ። እንዲህ ሲያስቡ አይታቸው አታውቅም።

«ብረት እንጨምር?» አለች በተስፋ።

«የሚማሩበት ሕፃናት ናቸው አይደል?»

«አዎ ጋሼ፣ ሕፃናት ናቸው።»

«ታዲያ ሕፃን ሃያ አምስት ዶሮ ነው ያለሽ ማነው?» አሉ እስክሪብቷቸውን ለፊርማ እየከፈቱ። «አሥር አድርጊው።»